ጌሾ ባይገባበትም



ዛሬ ብዕሬን እንዳነሳ ያስገደደኝ በቅርቡ በቤተሰባችን ኒካሕ ላይ የገጠመኝ ነገር ነው። ለእንግዶች የሚቀርበውን ብርዝ ከወሎ የመጡት አክስቴ ማር ሳይሰስቱ በጥብጠው ከሳምንት በፊት በጋን ከድነውት ነበር።

ሲቀዳ አረፋ አወጣ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ከመጠጥ ተውበት ካደረገ ሦስት ዓመት የሆነው ወንድም፣ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ ጓዳ ጠርቶኝ «ይህን ጣዕም አውቀዋለሁ፤ ጠጅ ነው» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለአክስቴ ስነግራቸው ከፋቸው። «ጌሾ መች ነካው? ጌሾ የሌለው ብርዝ ነው፤ ብርዝ ደግሞ የእስላም መጠጥ ነው» አሉኝ። ብዙዎቻችን ሐላልና ሐራሙን የምንለየው በዚሁ በጌሾ ነው። ስሕተቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማር ብቻውን ሳለ ውኃው ጥቂት በመሆኑ በውስጡ ያለው እርሾ ሊሠራ አይችልም። ውኃ ሲጨመርበት ግን እርሾው ይነቃል፤ የማሩንም ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል። አረፋው የዚህ ምልክት ነው። ጌሾ ለጠጅ ምሬቱን ይሰጠዋል እንጂ፣ ማርና ውኃ ያለ ጌሾም ሰንብተው ያሰክራሉ። ጋኑ ቀድሞ ጠላ ወይም ጠጅ የነበረበት ከሆነማ ነገሩ ይፋጠናል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የየመን ሰዎች ከማር «ቢትዕ»፣ ከገብስ ደግሞ «ሚዝር» የሚባል መጠጥ ይጠምቁ ነበር። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደዚያ ሲላኩ ስለ ሁለቱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። እርሳቸውም ማሩን ከገብሱ ሳይለዩ፣ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም መሆኑን ነገሯቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። ብዛቱ የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። እንግዲህ «አንድ ብርጭቆ ምን ታደርጋለች?» ማለት አያዋጣም።

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ደግሞ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘቢብ በውኃ ይዘፈዘፍላቸው ነበር። እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት ይጠጡታል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው ይደፋል። ልብ በሉ፤ ዘቢቡም ሐላል ነው፤ ውኃውም ሐላል ነው፤ መጠጡን የሚለውጠው መሰንበቱ ነው። በሞቃት ቦታማ ብርዝ ከዚያም ቀድሞ ሊለወጥ ይችላል።

አልደብቃችሁም፣ እኔ ለማሩ ዋጋ ሳስቼ፣ እንግዶቹንም አፍሬ ዝም ልል ነበር። ያ ወንድም ግን በሦስት ዓመት ትግል ያገኘው ተውበት በእኛ ቤት፣ በእኛ ብርጭቆ ሊሰናከል ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ኪሳራ አለ?

የአቡ ሙሳን ታሪክ ስነግራቸው አክስቴ ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥሎም «ልፋቴ ከአላህ ትእዛዝ አይበልጥም» ብለው ብርዙን አስደፉት። የቀረውን ማር በንጹሕ ዕቃ በጥብጠው ወዲያው አቀረቡ።

ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ነሕል ከንብ ሆድ በሚወጣው መጠጥ ለሰዎች ፈውስ መኖሩን ነግሮናል። ፈውሱን በእጃችን ወደ ስካር አንለውጠው። ብርዝን በዕለቱ በጥብጠን በዕለቱ እንጠጣ፤ አረፋ ካወጣ፣ ከኮመጠጠም እንድፋው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።