ሕግ ዝም ያለው ሁሉ ንጹሕ ነውን?

ሰው በሥራው የሚጠየቀው ሕግ ባየበት ስፍራ ብቻ ነውን? ወይስ ሕግ ዓይኑን ባልጣለበትም ስፍራ ተጠያቂ ነው? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ ሆኖም በየዘመኑ አዲስ ልብስ ለብሶ ይመጣል። በአሜሪካ ለሚኖረው ወጣታችን ዛሬ የመጣው በትንሽ ጠርሙስና በሚያብረቀርቅ ፓኬት ተጠቅልሎ ነው።

በዚያ አገር በነዳጅ ማደያ ሱቆች፣ በሲጋራ መሸጫዎችና ሌሊቱን ሙሉ በማይዘጉ መደብሮች ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ ከማስቲካውና ከላይተሩ ጎን፣ የሚደረደሩ እንክብሎች፣ ዱቄቶችና የሚጠጡ ጠርሙሶች አሉ። «ኃይል ይሰጣል»፣ «ሕመም ያስታግሣል»፣ «ሐሳብ ያቀላል»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ከዕፅዋት የተሠራ ነው» ይባልላቸዋል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሌሎችም ከተሞች ከእነዚህ ሱቆች ባንኮኒ ኋላ ከሚቆሙት መካከል የእኛ ወንድሞችና እኅቶች፣ አባቶችና እናቶች ይገኛሉ። ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ገዢም ሻጭም ሆነን እንገኝበታለን።

ከእነዚህ ሸቀጦች ዋነኛው ክራቶም ነው። ክራቶም በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በታይላንድ፣ በማሌዢያና በኢንዶኔዢያ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ከቡና ቤተሰብ ነው። የዚያ አገር የጉልበት ሠራተኞች ድካም ለማስታገሥ ቅጠሉን ሲያኝኩት ኖረዋል። በቅጠሉ ውስጥ ሚትራጋይኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይኸውም በአንጎል ውስጥ ሞርፊን የሚያንኳኳውን በር ያንኳኳል። በጥቂቱ ሲወሰድ ያነቃል፤ በብዛት ሲወሰድ ያደነዝዛል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ማታለያ ይገለጣል። «የቡና ዘመድ ነው፤ ቅጠል ነው፤ ቅጠል ምን ይጎዳል?» ይባላል። ለመሆኑ ቅጠል መሆን የንጽሕና ማስረጃ ነውን? አስተናግርም ቅጠል ነው፤ የበላውን ግን ያስለፈልፈዋል፤ ሲበዛም ይገድለዋል። እንዶድ ልብስ ያነጻል፤ የጠጣውን ግን ይመርዛል። ኮሶም መድኃኒት ነበረ፤ ነገር ግን ኮሶ የሚያጠጣ ሰው መጠኑን ማወቅ ነበረበት፤ ለማን እንደሚሰጥ ለማንም እንደማይሰጥ ይለይ ነበር። የባህል መድኃኒት ማለት ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ፣ መጠኑና ዐዋቂው በአንድነት ናቸው። ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው ግን መጠኑን ትቶ፣ ዐዋቂውንም ጥሎ የመጣ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በደረቀው ቅጠል ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝ ሰባት-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር አለ፤ ኃይሉም ከመጀመሪያው ይበልጣል። በቅርብ ዓመታት ነጋዴዎች ይህንኑ ለብቻው አጠናክረው በክኒንና በከረሜላ መልክ ይሸጡት ጀመር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ ነገር ከአደገኛ ዕፆች ተርታ ገብቶ ቁጥጥር እንዲደረግበት ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ቲያኔፕቲን ነው። ይህስ ጭራሹን ዕፅዋትም አይደለም፤ በ1960ዎቹ በፈረንሳይ በቤተ ሙከራ የተገኘ፣ በአንዳንድ አገሮች ሐኪም ለመንፈስ ጭንቀት የሚያዝዘው፣ በአሜሪካ ግን ለማናቸውም ሕመም ያልተፈቀደ መድኃኒት ነው። ሆኖም በዚያው መደርደሪያ ላይ ከመሰለፉ የተነሣ «የነዳጅ ማደያ ሄሮይን» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ጉዳቱስ ምንድን ነው? ክራቶም ጉበትን ሊጎዳ፣ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሱስ ሊያስይዝ እንደሚችል ይኸው መሥሪያ ቤት አስጠንቅቋል። ዕለት ዕለት የለመደው ሰው በተወው ጊዜ ጡንቻው ይታመማል፤ አፍንጫው ይፈስሳል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል። እናቱ በእርግዝናዋ ወራት የወሰደችው ሕፃንም ተወልዶ የሱሰኛ ሥቃይ ሲሠቃይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ክራቶሙ ሳልሞኔላ በሚባል ተውሳክ ተበክሎ በ41 ክፍለ ግዛቶች 199 ሰዎች ታመዋል። መርማሪ በሌለበት መንገድ የሚመጣ ዱቄት ከላዩ የተጻፈበትን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈበትንም ይዞ ይመጣል።

ስለ ሞትም እንናገር፤ ግን ሳናጋንን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ከሐምሌ 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመጠን በላይ መድኃኒትና ዕፅ በመውሰድ የሞቱ 27,338 ሰዎችን መዝገብ መርምሮ፣ በ152ቱ አስከሬን ውስጥ ክራቶም አግኝቷል። ለ91ዱ ሞት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች መስክረዋል። ክራቶም ብቻውን የተገኘባቸው ግን 7 ነበሩ፤ በብዙዎቹ ላይ እንደ ፌንታኒል ያለ ሌላ ገዳይ አብሮ ነበረ። ይህ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው፤ ጠርሙሱን ሁሉ መርዝ ብለን በሐሰት አንጩህ፤ ደግሞም ከአልኮል፣ ከእንቅልፍ ክኒንና ከሌላ ዕፅ ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ ነፍስ እንደሚያጠፋ አንዘንጋ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሕግ ለምን ዝም አለ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት «የምግብ ማሟያ» ተብለው የሚሸጡ ነገሮች እንደ መድኃኒት አስቀድመው ተመርምረው ፈቃድ እንዲያገኙ አይገደዱም። መሥሪያ ቤቱ ክራቶም በዚህ ስም በሕጋዊ መንገድ ሊሸጥ አይችልም ቢልም፣ ሸቀጡ ሱቅ ከገባ በኋላ ተከታትሎ መያዝ አድካሚ ነው። ክፍለ ግዛቶቹም አልተስማሙም። አላባማ እ.ኤ.አ. በ2016 ክራቶምን ከለከለች፤ ጎረቤቷ ጆርጂያ ግን ትፈቅዳለች፤ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህም ዕድሜው 21 ላልሞላው እንዳይሸጥ ደንግጋለች። እንግዲህ አንዱ ፓኬት ድንበሩን ሲሻገር ወንጀል፣ ሲመለስ ንግድ ይሆናል። የሰው ጉበት ግን የክፍለ ግዛት ድንበር አያውቅም።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሜሪካ እስከ 1906 ድረስ ሞርፊን ያለበት ሽሮፕ በጠርሙሱ ላይ ሳይጻፍበት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሸጥ ነበር፤ ሕግም አልከለከለም። የሸጡትን ሰዎች የሕግ ዝምታ ንጹሐን አደረጋቸውን? አላደረጋቸውም። የሕግ ዝምታ ብዙ ጊዜ ፍርድ አይደለም፤ ገና አለመድረስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ገዢው ዐዋቂ ሰው ነው፤ ነጻ ፈቃድ አለው» የሚለው ነው። ነጻነት ታላቅ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የሚመርጠውን የማያውቅ ሰው መረጠ ይባላልን? በብዙዎቹ ፓኬቶች ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለበት በእርግጥ አይታወቅም። ደግሞም የመጀመሪያውን ጠርሙስ የሚገዛው ፈቃድ ነው እንበል፤ መቶኛውን የሚገዛው ማን ነው? ሱስ የሰውን ፈቃድ በፈቃዱ የሚወስድ ነገር ነው። በነጻነት ስም የምንሸጠው ነገር ነጻነትን የሚበላ ከሆነ በስሙ መከራከራችን ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ የድኻ ምክንያት ነውና። «እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል፤ እኔ ግን ከሥራ እወጣለሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ አገር ቤት የምትጠብቀኝ እናት አለችኝ» ይላል ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ወጣት። ይህን ሰው ከባለ ፋብሪካው ጋር እኩል መክሰስ ግፍ ነው። አትራፊው ሌላ ነው፤ ሸቀጡን መርጦ ያስገባው ባለ ሱቅም ሌላ ነው። ሆኖም ያነሰ ድርሻ ምንም ድርሻ ማለት አይደለም። አንድ ደንበኛ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲከፍል ያየ ሰው፣ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ ይሆንበታል።

በሌላ በኩል ያለውንም ቃል መስማት ይገባናል። ከከባድ ዕፅ ለመላቀቅ ወይም የቆየ ሕመማቸውን ለመቻል ክራቶም ረዳን የሚሉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ቅጠሉን ሊከለክል ዐውጆ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ጮኹ ሐሳቡን ለመተው ተገድዷል። ጩኸታቸው ሐሰት ነው አንልም። ግን የታመመ ሰው የሚገባው ሐኪም፣ የታወቀ መጠንና እውነተኛ ጽሑፍ ነው እንጂ ከማስቲካ ጎን የተቀመጠ ምስጢር አይደለም። ስለዚህ መከልከል ይሻላል ወይስ መቆጣጠር የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወው፤ ለእኛ የቀረበልን ጥያቄ ግን ሕግ እስኪመጣ ድረስ ባለው ጊዜ ምን እናድርግ የሚለው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ባለ ሱቅ የሆነ ወላጅ ያለን፣ በአክብሮት ቀርበን «አባባ፣ ይህ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብለን እናስረዳ፤ ብዙዎቹ አከፋፋዩ ያመጣላቸውን ከመደርደር በቀር አያውቁትምና። ተቀጣሪ የሆንን፣ መከልከል ባንችል እንኳ ለልጅ አለመሸጥ፣ «ምንም አይጎዳም» ብሎ አለመዋሸትና የሚጠይቀንን በእውነት መመለስ እንችላለን። ለፈተና ጥናትና ለሌሊት ሥራ ብለን የጀመርን ካለን ደግሞ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና ሳንፈራ ለሐኪም እንናገር። የወሰደው ሰው ትንፋሹ ቀዝቅዞ ቢተኛና አልነቃ ቢል፣ ወደ 911 መደወል፣ ናሎክሶን በአጠገባችን ቢገኝም መስጠት ይገባል፤ እፍረት ነፍስ አያድንም።

ሕግ አንድ ቀን ይደርሳል። ሲደርስ ግን በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ መልሶ አይሰጠንም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠባቂው የእያንዳንዳችን ኅሊና ነው።