ገበናና ሳቅ

ኑሮው ባነሰው ቤተሰብ ላይ በተሠራ አስቂኝ ፊልም መሳቅ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ የጓዳ ጉድለት ገበና ነው፤ ገበና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ በአደባባይ አይሰጣም። በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ ገብሱ ከጎተራው ያለቀበት አባወራ እንግዳ ሲመጣበት «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ይላል እንጂ ቤቱ ምንም አለማፍራቱን አይናገርም። እመቤቲቱም ቡና እንዲበደር በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት የምትልከውን ልጅ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ታስጠነቅቀዋለች። አስቂኙ ፊልም ግን ይህንኑ ልጅ እንግዳው ፊት አቁሞ «እማዬ፣ ቡና የለንም ብለዋል!» ያሰኘዋል። ተመልካቹም በሳቅ ይፈርሳል።

እንግዲህ የሚሳቀው በማን ነው? ለዚህ መልስ የሊማሊሞ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ዳገቱን የሚወጣው የጭነት መኪና የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል፤ መኪናው ሲያቃስት፣ ረዳቱም ታኮ ይዞ ሲሮጥ ቢያይ ይስቃል። በመኪናው ውስጥ ያሉትም መንገደኞች ይስቃሉ። የእነርሱ ሳቅ ግን ገደሉን እያዩ የሚስቁት ነው። የመጀመሪያው ሳቅ ከሩቅ የመጣ ንቀት ነው፤ ሁለተኛው አብሮነት ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 እ.ኤ.አ. «ዘ ኪድ» በተሰኘው ፊልሙ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን የሚያሳድግ ድኻ መስታወት ገጣሚ ሆኖ ይታያል። ልጁ ቀድሞ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊው መስታወቱን በጀርባው አዝሎ እንደ አጋጣሚ ብቅ ይላል። ጠዋት ሲነሣም በብርድ ልብሱ ቀዳዳ ራሱን አሹልኮ እንደ ካባ ይለብሰዋል። የሚያስቀን ብርድ ልብሱ መቀደዱ አይደለም፤ ቀዳዳው ካባ መሆኑ ነው። ቻፕሊን በልጅነቱ ለንደን ውስጥ በድኾች መጠለያ የኖረ ሰው ስለ ነበር፣ የሚስቀው ከአፋፉ ላይ ሆኖ ሳይሆን ከመኪናው ውስጥ ነው። በእኛም አገር መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኘው ተውኔቱ የሳቁን ቀስት ያነጣጠረው በዝቅተኛው ሰው ላይ ሳይሆን በባለ ዘሩ ትዕቢት ላይ ነበር።

«ሳቅ መሶብ አይሞላም፤ እንዲያውም ችግርን አለማምዶ ያስተኛል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነትነት አለው። በሳቅ ብቻ የተከፈለ ብድር የለም። ነገር ግን ድህነት ከእህሉ ሌላ የሚነጥቀው ነገር አለ፤ ይኸውም ጉድለቱ የራሱ ጥፋት ብቻ እየመሰለው እያንዳንዱን ቤት በየበሩ ዘግቶ ለብቻው ያሳፍረዋል። አባወራው ከጎረቤቶቹ መካከል ተቀምጦ የራሱን ጓዳ በፊልም ሲያይ፣ የጎረቤቱንም ሳቅ ሲሰማ፣ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ይላል። ይህን ያለ ሰው ችግሩን ከሌሎች ጋር ሊመክርበት ይችላል።

ስለዚህ መለኪያው አንድ ነው። ገበናው የተገለጠበት ሰው ከተመልካቾቹ መካከል ቢቀመጥ፣ አንገቱን ሳይደፋ አብሮ ሊስቅ ይችላልን? ከቻለ ሳቁ የእርሱ ነው። ካልቻለ ግን ፊልሙ ከድኻው የመጨረሻውን ልብስ፣ ክብሩን፣ ገፎታል።