ከአጥሩ በፊት

ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ተነሥቶ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ባሕረ ገብ መሬቱ ሲቀርብ ቀድሞ የሚታየው ጫካ ነው፤ ቡናውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይዞ እስከ ውኃው አፍ ይወርዳል። ሰው ስለማይኖርበት የተረፈ ጫካ እንዳይመስላችሁ። ሰው ይኖርበታል፣ ገዳማት አሉበት፣ ቡናው ለገበያ ይወጣል። የተረፈው በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በቦታው ስለተከለከለ ነው። የዘጌ ሰዎች ክልከላውን ከጥንቱ ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዙታል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለዋውጧል። መሬቱ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ተወሰነ፣ ባለጸጋውም ድኻውም ለውሳኔው ተገዛ። በማዘጋጃ ቤት ቋንቋ የመሬት አጠቃቀም ፕላን የምንለው ይህንኑ ነው።

ጀልባዋን ወደ ከተማው እንመልሳት። ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው ከጣና ሐይቅ ዳር ነው። ለሕዝብ የተከፈቱ መናፈሻዎችና የእግር መንገዶች መኖራቸው እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም ከአስፋልቱ ወርዶ ሐይቁን ልይ የሚል ሰው ዛሬም በብዙ ቦታ የሚያገኘው አጥር ነው። ክርክሩ ያረጀ ነው። አንዱ ወገን «ሆቴል ካልተሠራ እንግዳ የት ያድራል? ልጆቻችንስ የት ይቀጠራሉ?» ይላል። ሌላው «ዳሩ ከታጠረብን በምን የባሕር ዳር ልጆች ነን?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የማልቀበለው ሰውን «የልማት ወገን» እና «የሐይቅ ወገን» ብሎ መክፈሉን ነው። መነጋገር ያለብን የት ላይና ስንት ወለል በሚለው ነው። ከተማ ወደ ላይ ካላደገች ወደ ጎን ተዘርግታ የገበሬውን ማሳ ትበላለች፤ ስለዚህ ፎቁ በዋናው መንገድ ዳር ይብዛ፣ ሰውም በዚያ ተጠጋግቶ ይኑር። ወደ ውኃው በቀረብን ቁጥር ግን ሕንፃው ይነስ፣ ይውረድ፣ ከዚያም ያብቃና ጠርዙ ለእግረኛ፣ ለዓሣ አስጋሪና ለደንገል ይተው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው።

ምክንያቱን ሐይቁ ራሱ ይናገራል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል ነው፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ እንደ ገበታ የተዘረጋ ውኃ ጥቂት ሲጎድል ዳሩ ብዙ ይሸሻል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ከመውረዱ የተነሣ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአገሩ ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። መሬቱ የባሕሩ ነው፣ ባሕሩ ለጊዜው ነው የሸሸው ማለት ነው። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ፈጥኖ የሚደርስ ሰብል ይዘራበታል እንጂ ቤት አይሠራበትም። በከተማ ግን በበጋ የተለካ ባሕር ሸሽ ካርታ ከወጣለት ነገሩ ይበላሻል። መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ገረጋንቲ ይደፋበታል። የተገፋ ውኃ መሄጃ አያጣም፤ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ደንገሉንም እንደ አረም አትዩት። ከጎርፍ ጋር የሚመጣውን ደለል ያጠልላል፣ ዓሣ ይራባበታል፣ ታንኳ ይሠራበታል። እሱ ተነቅሎ በምትኩ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ በዳርቻው የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ ይሰርጋል። ሕዝቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የከረመው እምቦጭ የሚፋፋው በእንዲህ ያለው ፍሳሽና ከማሳ ታጥቦ በሚመጣ ማዳበሪያ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የእኛ የነዋሪዎቹ ትልቁ ጥፋት በጊዜው አለመናገራችን ነው። ፕላኑ ረቂቅ ሳለ ለስብሰባ ስንጠራ እንቀራለን፤ አጥሩ ከቆመና ብሎኬቱ ከተደረደረ በኋላ በየቡና ቤቱ እንጮኻለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሕጉ ግን አፋችንን አልዘጋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ አዝዟል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ደግሞ ማንም ሰው «አንተን ምን አገባህ» ሳይባል አቤት እንዲል ፈቅዷል። ስለዚህ ሂዱ። ስትሄዱም ቁጣችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አጥሩ ከውኃው ስንት ሜትር ይርቃል? ርቀቱ የተለካው ሐይቁ በጎደለበት በሰኔ ነው ወይስ በሞላበት በመስከረም? ስንት ወለል ተፈቀደ? ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል? ይህን በጽሑፍ የጠየቀ ሰው በቀላሉ አይሸነገልም። ባለሀብቱንም በጅምላ ሌባ አትበሉት፤ በሕግ የሠራ አለ፣ ስሙን ማጥፋት ነውር ነው።

ባለሀብት ሆይ፣ እንግዳህ የሚመጣው ሐይቁን ብሎ ነው። ለአረንጓዴ የተመደበውን ቦታ «ይቀየርልኝ» ብለህ በየቢሮው ደጅ አትጥና፤ አንተ ያስቀየርከውን ነገ ጎረቤትህ አይቶ ያስቀይራል፣ መስኮትህም ከሐይቁ ይልቅ የእሱን ግድግዳ ያያል። የፕላን ባለሙያ ሆይ፣ ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። የማይነካውን ጥብቅ ቦታ፣ ዙሪያውን የሚከልለውንና የሚለማውን ለይቶ መኖር አደራ ሆኗል። በካርታህ ላይ ያቀለምከው አረንጓዴ በአንዲት ደብዳቤ ሲፋቅ ፊርማህን አትስጥ።

አንድ ልመና ቀርቶኛል። ከሆቴሉም ከአስፋልቱም በፊት በዚህ ዳር የነበሩ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር የተገፉ የነገደ ወይጦ ሰዎች አሉ። ስለ ሐይቁ ጠርዝ በሚደረግ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ወንበር የላቸውም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ስትሄዱ በሰፈራቸው በኩል እለፉ፤ ካልተጠሩ፣ ሽማግሌዎቻቸውን እናንተው ይዛችኋቸው ግቡ።