ሕፃን አዝላ ስለምትውል ልጅ

አንባቢ ሆይ፥ በገበያ ቀን ማልደህ በፈረስ ቤት መንገድ ብትቆም፥ ከደጋ ዳሞት መንደሮች ገብስና ድንች ተሸክመው የሚመጡትን እናቶች ታያለህ። ጀርባቸውን ሸክሙ ይዞታልና ብዙዎቹ ሕፃናቸውን በቤት ትተው ወጥተዋል። «ሕፃኑስ ከማን ጋር ነው?» ብለህ ብትጠይቅ «እኅቱ ይዛዋለች» ይሉሃል። እኅቲቱም የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አንቀልባው ከወገቧ አልፎ ወደ ጉልበቷ ይወርዳል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንዱን ልጅ ለማሳደግ ሌላይቱን ልጅ ከትምህርት ማስቀረት ፍርድ ነውን?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔን ያዘለችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። አድጌ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፥ እርስዋ ከእኔ በኋላ የተወለደውን አዝላ በደጅ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን ትምህርቱ እንዳይታወክ ሂጂ ይሏት ነበርና ትሄድ ነበር። ዛሬ ይህን እኔ ጻፍሁ፤ እርስዋ ግን ልታነበው አትችልም። ሰዎች ስለ ትጋቴ ሲያመሰግኑኝ እፍረት ይይዘኛል።

«ድሮም እንዲሁ ነበር» ትለኝ ይሆናል። በእውነት በጎጃም የቄስ ትምህርት ቤት ትንንሾችን በአራትና በአምስት ዓመታቸው ፊደል ሲያስቈጥር ኖሯል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በየኔታ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ።

መንግሥትም በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣ። አፀደ ሕፃናት አብዛኛው በከተማ ያለና ክፍያ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ለገጠር ልጅ የተረፈው በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ዜሮ ክፍል ነው። እርሱም ለአንደኛ ክፍል የደረሰውን ልጅ ይቀበላል፤ የአንድ ዓመቱን ሕፃን አይቀበልም። ስለዚህ እኅቲቱ አሁንም በደጅ ናት።

ሕጉንም ተመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛይቱ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ይሰጣታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር አዝዞ ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን ድንች የምትኮተኩተዋ፥ አረቄ የምታወጣዋ እናት አሠሪዋ ማን ነው? (አረቄውን አልወድም፤ እናቲቱን ግን አልነቅፋትም።) አሠሪ የላትምና ሕጉ ወደ ቤቷ አይደርስም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ተነሥቶ በክልላችን እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የተዘጋው ሲከፈት ስለ ጣሪያና ስለ ወንበር ብቻ እንዳይነገር ነው ይህን የምጽፈው። አንተ በወላጆች ኮሚቴ የምትቀመጥ ወይም በቀበሌ ስብሰባ የምትናገር ሰው ብትሆን፥ ከዜሮ ክፍሉ አጠገብ ለሕፃናት ማቆያ የሚሆን አንድ ጎጆ ጠይቅ፤ ተራ ገብተው የሚጠብቁ ሁለት ሴቶችም ይኑሩበት፥ የድካማቸውም ዋጋ ይከፈላቸው። «ገንዘብ ከወዴት ይመጣል?» የሚል ቢነሣ፥ ለሞተ ሰው የምናዋጣበት እድር እንዳለን አስታውሰው፤ ለቀብር ማዋጣት የሚችል መንደር ለሕፃን ማዋጣት አያቅተውም።

ነገር ግን ስለ እናቶች አንተ ብቻ አትናገር፤ ራሳቸው ይናገሩ። ስብሰባው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከተጠራ ግን አንዲትም አትመጣም። እኔ ባለሁበት መንደር አንድ ጊዜ ሰዓቱን ለወጥን፤ እናቶች በሚናገሩበት ጊዜም ሕፃናቱን እኛ ወንዶች ያዝን። እኔ አንቀልባ ስታጠቅ ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ። ሕፃኑ ግን ተኛ፤ እናቱም ንግግሯን እስክትጨርስ አልነቃም።