ከኑሮው አኗኗሩ

ማስተማር ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሰው ግን ከአንድ ሥራ አላሰናበተኝም። በዘመድ በወዳጅ ቤት ሞት በገባ ቁጥር «መቼም አንተ ታውቅበታለህ» ይሉና የሕይወት ታሪክ ያስጽፉኛል። ከፍትሐቱ በኋላ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ተፈልጎ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚያነባትን ያቺን አንድ ገጽ ማለቴ ነው።

ገጿ ጥብቅ ሕግ አላት። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብላ ትጀምራለች። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ይማራሉ። ከዚያ ሥራው፣ ሹመቱ፣ ሽልማቱ ይደረደራል። ወደ ማብቂያው ገደማ «ባለትዳርና የሰባት ልጆች አባት ነበሩ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቅ ትልና፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ወደ መቃብሩ ይኬዳል። ሟቹ ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ እንደነበሩም ይጨመራል። እንግዳ ሲመጣበት ፊቱን የሚያጠቁር ሰው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ እንዲህ ያሉት ሰዎች ጭራሽ እንደማይሞቱ እጠረጥራለሁ።

እኔን የምትከነክነኝ ያቺ የሰባት ልጆች ዓረፍተ ነገር ናት። ሰባት ልጅ ማሳደግ ስንት ዓመት ይፈጃል? ስንት ሌሊት? «ከሞቱ አሟሟቱ» እንላለን። ከኑሮው አኗኗሩ የሚል ግን ሲነገር አልሰማሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ሲና ላይ አንድ የዘጠና ሁለት ዓመት አዛውንት አረፉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይገባችኋል። ልጆቻቸው አራት ገጽ ማስታወሻ አመጡልኝ። ሦስቱ ገጽ ኮሪያ ነው። አባታቸው ኮሪያ የቆዩት ዓመት ያህል ነው።

ኮሪያን ላሳንስ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ ስሙን ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ወስዶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ ፑሳን ወረደ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ፣ አይቶት በማያውቀው በረዶ፣ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ተራራ ላይ ተዋጋ። ከጦርነቱ በኋላ የሄዱት ሲደመሩ ስድስት ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ አንድም የለም። የሞቱትንም አገራቸው አምጥተው ቀበሩ። ዶንግዱቾን በሚባለው ከተማ አጠገብ ደግሞ ወላጆቻቸው ላለቁባቸው ሕፃናት ማሳደጊያ አቁመዋል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ ይነበብ።

ነገር ግን እዩልኝ፤ ይሄ ክብር እንደየዘመኑ የሚወጣና የሚወርድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ላይ ለዘማቾቹ ሐውልት ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። ከዚያ ደርግ መጣና ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ፤ በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያውያን እርዳታ ነው። ያን ጊዜ የእኒህ ሰው ሜዳሊያ ከሳጥን ሥር፣ ከጋቢ በታች ገባ። ቆይቶ ደግሞ አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆመ፤ ሜዳሊያውም ወጣ። ሰውየው ያው አንድ ሰው ናቸው፤ ያደረጉትም ያው ነው። ጀግንነታቸው ግን ተሹሞ፣ ተሽሮ፣ እንደገና ተሾመ።

በክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከማይወዷቸው ንባቦች አንዱ የፕላቶ «ላኬስ» ነበር። ድፍረት ምንድን ነው የሚል ክርክር ነው፤ መልስ ሳያገኝ ያልቃል፤ የማይወዱትም ለዚህ ነው። የጦር አለቃው ላኬስ ደፋር ማለት ከተሰለፈበት ሳይሸሽ ጠላቱን የሚመክት ነው ይላል። ሶቅራጥስ መልሶ በበሽታ ፊት፣ በድህነት ፊትስ ደፋር የለም ወይ ብሎ ያጠብቅበታል። እኔ ግን አብልጬ የምወደው መግቢያውን ነበር። ነገሩን የሚያነሱት ስለ ልጆቻቸው አስተዳደግ የጨነቃቸው ሁለት አባቶች ናቸው፤ ሊሲማኮስና መሌስያስ። የሁለቱም አባቶች በአቴና ስመ ጥር ነበሩ። የሊሲማኮስ አባት ያ «ጻድቁ» የሚባለው አሪስቲደስ ነው። ልጆቹ ግን የሚያማርሩት አባቶቻችን የሕዝቡን ጉዳይ ሲያቀኑ እኛን ዝም ብለው ለቀቁን እያሉ ነው።

የደብረ ሲናው ሰው ልጆች እንዲህ ብለው አያማርሩም። ቢያንስ ስድስቱ አያማርሩም።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አለቆች ያስነሱት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ክቡር ዘበኛ ተበተነ። ወታደሩ የታዘዘውን ከመፈጸም ሌላ ብዙም የሚያውቀው አልነበረም፤ ዕዳው ግን ወረደበት። እኒህም ሰው ጥቂት ታስረው ተሰናበቱና ወደ ሚስታቸው አገር መጡ። የሰው ወፍጮ ቤት ተቀጠሩ። ሠላሳ አራት ዓመት።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው፣ በዚያ የጣርማ በር ጉም ውስጥ፣ ሞተሩን በእጃቸው አሽከርክረው ያስነሳሉ። ቺንጋው ሲበጠስ ይሰፋሉ። ማታ ሲገቡ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ነው፤ ትንሿ ልጃቸው አባቷ ሽማግሌ ሆነው የተወለዱ ይመስላት እንደነበር አጫውታኛለች። ከመድፍ የተረፈ ጆሯቸው በወፍጮ ሞተር ደነቆረ። የማስፈጪያ የሌላትን ሴት «ሲያገኙ ይሰጡኛል» ይሏትና ከደመወዛቸው ለባለቤቱ ያስቆርጣሉ። ሚስታቸው ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ተሸክመው ፀሐይ ላይ የሚያወጧቸው እሳቸው ነበሩ፤ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው ያን ጊዜ። ኮሪያ ላይ ጥይቱ ሲመጣ አንድ ሌሊት ነው፤ ከነጋ ነጋ። ዘጠኝ ዓመት ጠዋት በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር ማድረግን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ላኬስ ግን ስም የለውም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ጽሑፉም ያምርልኝ ነበር። ልጆቹ ግን ልቅሶ ቤት ውስጥ ተጣሉ።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሁሉ ይፈለጋል። እኔም ያን ዘመን አፈሳ በአጥር ቀዳዳ ያየሁ ነኝና ወጣት ልጅ ያለው ቤት ውስጥ ሌሊት ውሻ ሲጮህ ምን ይሰማ እንደነበር አልረሳም። የሰውየው የመጀመሪያ ልጅ ከዚያ በፊት በፈቃዱ ሠራዊት ገብቷል፤ አባቱ መርቀው ነው የሸኙት። ለሁለተኛው ተራ ሲደርስ ግን ያ ከኮሪያ ተራራ ያልሸሸ ሰው ልጁን ከባዶ ጆንያ ክምር ሥር አስራ አራት ቀን ደበቁት፤ ከዚያም በሌሊት ወደ ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ዘንድ አሸሹት።

ሴቷ ልጅ ይህ ይጻፍ አለች። «አባዬ ከሠራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ መምህር፣ ይጻፉልኝ።» ትልቁ ልጅ፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በባዶ እጁ የተመለሰው፣ ደሙ ፈላ። «እኔን መርቆ ላከኝ፣ እሱን ደበቀው። ይሄ ነው ጀግንነት?»

ሰው ልጁን ከሞት ቢደብቅ ማን ይፈርዳል ትሉ ይሆናል። እኔም በበኩሌ አልፈርድም፤ ያ ጦርነት የገዛ ልጃችንን ከገዛ ወንድሙ ጋር ያጋደለ ነው። ነገር ግን ቀበሌው የሚፈለግበት ቁጥር ነበረው፤ አንዱ ሲታጣ ቁጥሩ አይቀንስም። በዚያው ሌሊት ከሁለት ቤት ወዲያ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት መበለት ልጅ ተወሰደ። አልተመለሰም። የት እንደወደቀም አልታወቀም።

ስለዚህ ሴቷ ልጅ የምትለውን ያህል ቀላል አይደለም። ልጅን ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው፤ በሌላ ሴት ልጅ ሲሆን ግን ዕዳ ነው። ትልቁ ልጅ የሚለውም ልክ አይመስለኝም። አባትየው ፈሪ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩን ይረሱት ነበር፤ ወይም አዋጁን፣ ቀበሌውን፣ ዘመኑን ይረግሙና ይገላገሉት ነበር። እሳቸው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የዚያችን ሴት ዱቄት ራሳቸው ተሸክመው ደጇ ያደርሱ ጀመር። ወፍጮ ቤቱን ለቀውም፣ ከዘራ ይዘውም አልተዉም፤ ጉልበታቸው ሲደክም የልጅ ልጅ ያሸክሙ ነበር። ሠላሳ ዓመት አለፈው። ሴትዮዋ ምክንያቱን አጥታው አይደለም፤ ትንሽ ከተማ ነው። ዱቄቱን ትቀበላለች፤ ለአባትየው «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ከተረፈው ልጅ ጋር ግን አንድ ቀን ቃል ተለዋውጣ አታውቅም፤ ሠርጉ ላይም አልመጣችም።

ዱቄት ልጅ ይተካል? አይተካም። እሳቸውም ይተካል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም፤ ይተካል ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ቀን በቃኝ ይላል። ዕዳው እንደማያልቅ እያወቁ በየሳምንቱ መክፈል፣ ለዚያውም ባለ ዕዳዋ ፊት ቀና ብሎ ቆሞ፣ ይህን ነው እኔ ከኮሪያው የማስበልጠው። ሜዳሊያ የሚሰጠው ክፍል የለም፤ የሚሽረውም የለም።

ልጁ መደበቁን አልጻፍኩም። ሴትዮዋ በሕይወት አለች፤ ሐዘኗን በሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ አስገብቼ አደባባይ ላይ ላስነብበው መብት የለኝም። ኮሪያን ግማሽ ገጽ አደረግሁት፤ ወፍጮ ቤቱን አንድ ገጽ። ትልቁ ልጅ በዝቷል አለ፤ አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቄሱ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚሄደው ዱቄት አንዲት መስመር ነበረች፣ የማን ቤት እንደሚደርስ ሳትናገር። ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዱቄቱን ያደረሰው ትልቁ ልጅ እንደሆነ እኅቱ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።