የጠባቂ መብት

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአገሪቱ ያለው ውሃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ማንም ምንጭ አጥሮ «የኔ ነው» እንዳይልም ይከለክላል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመልስ ያልፋል። ምንጩ ሲደፈርስ ተጠሪው ማን ነው? ቦዩ በደለል ሲሞላ አካፋ ይዞ የሚወጣውስ? ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በእኩል የሚጋራው ሀብት፣ በተግባር ሲታይ ማንም ያልተጋራው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ባለቤቱ ሲበዛ ጠባቂው ይጠፋልና። እዚህ የምከራከረው ውሃ የጋራ የሚሆነው በአዋጅም በተፈጥሮም አለመሆኑን ነው፤ የጋራ የሚያደርገው ተራ የሚያወጡለት፣ የሚጠርጉለት፣ ያጠፋውን የሚቀጡለት ሰዎች መኖራቸው ነው። ይህ ጥበቃ መብት ያስገኛል። ምን ዓይነት መብት እንደሆነ መለየት ግን ቀላል አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ የጋራ ሀብት መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር። በጋራ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ቢጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ሲጨምር መስኩ ያልቃል። ክርክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ችግሩ ሃርዲን የሣለው መስክ የጋራ አለመሆኑ ነው። እረኞቹ አይነጋገሩም፣ ሽማግሌ የላቸውም፣ ደንብ የላቸውም። እሱ ራሱ ቆይቶ የተናገረው ስለማይተዳደር የጋራ ሀብት እንደነበር አምኗል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ከስፔን የመስኖ ማኅበራት እስከ ስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የዘለቁ የጋራ አስተዳደሮችን መርምራ፣ ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሀብታቸውን ሊያቆዩ እንደሚችሉ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የእኛ አገር ገበሬ ግን ይህን ለማወቅ ስቶክሆልምን አልጠበቀም። ትግራይ ውስጥ «አቦ ማይ»፣ አማራ ውስጥ «የውሃ አባት» የሚባለው ሰው በመስኖ ተጠቃሚዎቹ ተመርጦ ተራ ሲያከፋፍልና ጠብ ሲያበርድ ኖሯል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የቦረና ጉድጓድ ነው። «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ከብዙ ትውልድ በፊት በእጅ የተቆፈሩ ናቸው፤ በዘጠኝ ስፍራ ስለሚገኙም «ቱላ ሰግላን»፣ ዘጠኙ ቱላዎች፣ ይባላሉ። ውሃው የሚወጣው በሰው ጉልበት ነው። ወጣቶች ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ አፉ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ይህ ጉድጓድ የማን ነው ቢባል አንድ መልስ አይገኝም። መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ወራሽ «ኮንፊ» ይባላል፤ በእሱም በኩል ጉድጓዱ ከአንድ ጎሳ ስም ጋር ይያያዛል። የየዕለቱን የማጠጫ ተራ የሚመራው ደግሞ ሌላ ሰው፣ «አባ ሄሬጋ» ነው። ከሌላ ጎሳ የመጣ ከብት አርቢም ጉልበት አዋጥቶ ተራ ያገኛል። ደንብ የጣሰውን የሚዳኘው የጉድጓዱ ጉባኤ ነው። ውሃው ግን አይሸጥም፤ የተጠማ መንገደኛም አይከለከልም። ዘመናዊው የንብረት ሕግ በአንድ ባለቤት እጅ የሚሰበስባቸው ሥልጣኖች፣ መጠቀም፣ ማስተዳደር፣ መከልከል፣ መሸጥ፣ እዚህ ተበትነዋል። የቆፋሪው ዘር ክብርና ቅድሚያ አለው፤ እንደ ዕቃ ሸጦት ይሄድ ዘንድ ግን መብት የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ደጃፍ ይሰማል። ውሃ የፈጣሪ ስጦታ ነው፣ ታዲያ ሰው በምን ሥልጣኑ ተራ ያወጣለታል? ዝናቡ በእርግጥ ስጦታ ነው። ሠላሳ ሜትር ወርዶ የሚቀዳ ጉድጓድ፣ ያልደፈረሰ ምንጭ፣ ያልተደፈነ ቦይ ግን ድካም ናቸው፤ ድካሙ ሲቀር እነሱም ይቀራሉ። ውሃን ከጥበቃ ነጥሎ በነጻ ማብዛት ምን እንደሚያስከትል ያው ቦረና አይቷል። በደርግ ዘመን የመንግሥት የከብት ልማት ፕሮጀክት በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረው ምድር ላይ ኩሬዎች አስቆፈረ። አሳቡ ደግ ነበር። ቀድሞ ከብቱ ውሃ ሲያልቅበት ወደ ጉድጓዶቹ ይመለስ ስለነበር ሣሩ የማገገሚያ ጊዜ ያገኝ ነበር፤ ኩሬው ሲመጣ ሰውና ከብት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ከረሙ፣ ግጦሹም ተጎዳ። የጠፋው የውሃ መጠን ሳይሆን ውሃው ይዞት የነበረው ሥርዓት ነው።

ጥበቃ ስል ግን ዘመቻ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ሐይቅ ላይ የታየው የእምቦጭ አረም ሲስፋፋ የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፤ ከከተማም ብዙ ሰው ወጥቶላቸዋል። ያ ድካም ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ አረሙን የሚያደልበው ንጥረ ነገርም ከላይኛው ተፋሰስ ከሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ይመጣል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚነቅለው ሰው ከላይ የሚታረሰውን ተዳፋት በተመለከተ ቃል ከሌለው፣ ሥራው የሌላውን ዕዳ መክፈል ብቻ ይሆናል። ጠባቂ ለመባል ደንብ ማውጣትም ሆነ መለወጥ መቻል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የጉልበት ሠራተኛ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። ጥበቃ መብት የሚያስገኝ ከሆነ፣ ጠባቂው ጌታ አይሆንም ወይ? አካፋ ማንሳት የማይችል አረጋዊ፣ ትናንት የመጣ ተፈናቃይ፣ ከታች ያለ መንደር ምን ይሁኑ? እንስራም ሆነ ጀሪካን ተሸክማ ስትመላለስ የኖረችው ሴትስ፣ ስለ ውሃው በሚወሰንበት ጉባኤ ላይ ብዙ ጊዜ የተቀመጡት ወንዶች አይደሉም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው፤ የባህል ሥርዓት ሁሉ ፍትሐዊ ነው ብሎ የሚያወድስ ሰው ደጋግሞ ሊያነበው ይገባል። እኔ ግን መደምደሚያው ጥበቃን ትቶ ወደ ረቂቁ የሁሉም ባለቤትነት መመለስ ነው ብዬ አላምንም። ጠባቂው የሚያገኘው ተራ የማስያዝ መብት ነው፤ የተጠማን የመመለስ መብት ግን ከመጀመሪያውም አልነበረውም። የውሃ ሀብት አዋጁም ቢሆን ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ በመስጠት ይህን ወሰን ያሰምርለታል። ሴቲቱን በተመለከተ ደግሞ ክርክሬ ለእሷ ያደላል፤ መብት ከድካም የሚመነጭ ከሆነ፣ ከማንም በፊት ጉባኤው ላይ መቀመጥ ያለባት እሷ ናት።

የቀረው የስፋት ጉዳይ ነው። ጉድጓድ ጉባኤ ሊያስተዳድረው ይችላል፤ ሐይቅና የከርሰ ምድር ውሃ ግን የመንደርን ወሰን አያውቁም። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃ፣ ለዙሪያው ጫትና አትክልት መስኖ ሲሰጥ ኖሮ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደረቀ። ፓምፑ ነበረ፣ ከተማው ነበረ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለልም ነበረ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሦስቱን በአንድ ሸንጎ የሚያስቀምጥ ግን አልነበረም። የመንግሥት ቦታ እዚህ ላይ ነው፦ ጉድጓዱን ከጉባኤው እጅ መቀማት ሳይሆን በላይኛውና በታችኛው ጠባቂ፣ በከተማውና በገበሬው መካከል ዳኛ መሆን። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል፤ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ከላይ አዲስ ጉድጓድ እንዲቆፈር ፈቃድ ሲሰጥ የታችኛው ማኅበር ካልተጠየቀ፣ ሕጋዊ ሰውነቱ ከማኅተም አያልፍም። ሐረማያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ዳር ያሉት ፓምፖች በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ የሚወስን ሸንጎ እስኪቋቋም ድረስ፣ ይህ መመለስ ከዝናቡ ይልቅ የጥበቃ ውጤት ነው ለማለት ያስቸግራል።