ጥበቃና ጥርጣሬ

ልጅን ከጥፋት መጠበቅ የታላላቆች ግዴታ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጠባቂው ጥበቃውን እስከ ምን ድረስ ሊያደርሰው ይገባል? የልጁን ሰውነት እስከ መመርመር ይደርሳልን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር ብዙ ሊቃውንትን አከራክሯል፤ ፍሬ ነገሩም መምህር የሆነውን ሁሉ ይነካል።

በኦሬጎን ክፍለ ሀገር በቬርኖኒያ ከተማ የሚገኙ የትምህርት ሹማምንት፣ አደንዛዥ ዕፅ የሚወስዱ ተማሪዎች መብዛታቸውን ስላመኑ፣ በ1989 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ስፖርተኛ ተማሪ ሁሉ ሽንቱን ለምርመራ እንዲሰጥ ደነገጉ። በውድድሩ ወራት መጀመሪያ ሁሉም ይመረመራሉ፤ ከዚያም በየሳምንቱ ከመቶ ዐሥሩ በዕጣ ይለያሉ። በ1991 አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ እርሱና ወላጆቹ በዚህ ደንብ አንስማማም ስላሉ፣ ከኳስ ጨዋታ ተከለከለ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1995 ከዳኞቹ 6ቱ ደንቡን ሲያጸድቁት 3ቱ ተቃወሙት። በ2002 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት፣ ከኦክላሆማ በመጣ ክርክር፣ ምርመራው በሙዚቃና በሌላም ውድድር ለሚካፈሉት ተማሪዎች እንዲደርስ በ5 ድምፅ ለ4 ፈቀደ።

የደጋፊዎቹ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የ1995ን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ ተማሪ በትምህርት ቤት ሳለ በአሳዳጊ እጅ እንዳለ ልጅ ነውና የአዋቂ ሰው ነጻነት ሁሉ አይገባውም ብለዋል። የምርመራውም ውጤት ለፖሊስ አይሰጥም ነበር። የእኛም አገር ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይል የለምን?

በ2002ቱ ፍርድ የተቃወሙት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ግን፣ ምርመራው የሚያርፈው ከዕፅ ይልቁን በራቁት ልጆች ላይ መሆኑን፣ ለአደጋ የቀረበውንም ልጅ ከጠቃሚ ሥራ ሊያሸሸው እንደሚችል አመለከቱ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2015፣ ጥቅሙ በበቂ አልተረጋገጠም ሲል የዚህን ምርመራ መስፋፋት ተቃውሟል።

ይሁንና ምርመራው ይጠቅማል ብንል እንኳ ጥያቄው አያበቃም። ሳይበድል ገበናው የሚፈተሽ ወጣት ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? ንጽሕና ማለት በምርመራ አለመያዝ ነው የሚለውን አይደለምን? የሰው ዐይን ሲያየው ብቻ የሚታዘዝ ሰው፣ ዐይኑ ዘወር ባለ ጊዜ ጌታ የለውም። ነገ በመዝገብ ቤትና በግምጃ ቤት ብቻውን ተቀምጦ የሕዝብ አደራ የሚጠብቀው የዛሬው ተማሪ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም።

ስለዚህ ሁለቱን ጥርጣሬዎች መለየት ያስፈልጋል። የልጁ ፊት መጥቆሩን፣ ትምህርቱን መተዉን፣ ባልንጀሮቹን መለወጡን አይቶ ዝም የሚል መምህር በእውነት ይወቀሳል፤ ልጁን ጠርቶ ሊጠይቅ፣ ወላጆቹን ሊያማክር፣ ሐኪምም እንዲያየው ሊያደርግ ይገባዋል። ይህ ጥርጣሬ ከፍቅር የተወለደ ነው። ምልክት ሳይታይ ሁሉን በዕጣ መጠርጠር ግን፣ ተማሪን አንድ በአንድ የማወቅን ድካም ለመሣሪያ ማስረከብ ነው። መሣሪያው በሽንቱ ውስጥ ያለውን ይናገር ይሆናል፤ ልጁ ዕፁን ለምን እንደ ፈለገው ግን አይናገርም። ያንን የሚሰማው ልጁ የሚያምነው ሰው ብቻ ነው፤ የማያምነውንም ሰው የሚያምን ልጅ አይገኝም።